አፍንጫው ወደ ግድግዳ

ግራና ቀኜን አየሁና ጫማውን አዞርኩት።

መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ነጭ የነርስ ጫማ ነው፤ ቁጥር ሠላሳ ስምንት። መደርደሪያው ላይ እንደተቀጣ ተማሪ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አድርጎ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ ሰው መለስኩት። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፤ ጫማው ግን አቧራ አልነበረውም። ከዚያ እያፏጨሁ ወደ ቢሮዬ ገባሁ። ማፏጨት አልችልም።

ይህን ያደረግኩት አንድ አኩራፊ ሰው ላለመጠየቅ ነው። ሰውየውን ታውቋቸዋላችሁ። አኩራፊ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ስልክ የሌለው አለ፣ ሽንት ቤት የሌለው አለ፣ ሥራ እንኳ የሌለው አለ፤ አኩራፊ የሌለው ግን እስካሁን አልተከፈተም። ቁጥሩም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይኳረፉና ሌላው ይገላገላል።

የእኛው ክቡር ደመና ይባሉ ነበር። በፊታቸው "ጋሼ"፣ በሌሉበት "ደመናው"። የጫማ ፋብሪካችን ሞዴሊስት ናቸው። አዲስ ጫማ ሲታሰብ ቅዱን በወረቀት የሚያወጡት፣ ቆዳውን የሚቆርጡት፣ የመጀመሪያውን ናሙና በእጃቸው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው። ፊታቸው ሲፈካ ፋብሪካው ይፈካል፤ ሲጠቁር አምፖሉ የደከመ ይመስላል።

ጠዋት በር ላይ የምንለዋወጠው ሰላምታ አልነበረም፣ ትንበያ ነበር። ትንበያውን የምታስተላልፈው ስፌት ክፍል በር አጠገብ ያለው መኪና ላይ የምትሠራ ሴት ናት፤ ስሟ "ሬዲዮ" ነው፣ ማለትም እኛ ያወጣንላት።

"ዛሬ እንዴት ናቸው?"

"ጠዋት ከፊል ደመናማ። ከሰዓት በኋላ እንጃ። ስለ ማስቲሽ ሁለት ጊዜ እንዳትጠይቋቸው።"

ክቡርነታቸው የሚያኮርፉበትን ምክንያት ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በርጩማቸው አንድ ስንዝር ተገፍቶ ቢያገኙት ዘጠኝ ቀን አኮረፉ። አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ፣ ያከበረቻቸው መስሏት "አባባ" ብትላቸው ወር ሙሉ ደብዳቤዋን በሌላ ሰው እጅ ካልሆነ አልተቀበሏትም። አንድ ጊዜ ከግድግዳ ሰዓት ጋር ተኳርፈዋል። አምስት ደቂቃ አርፍደዋል ብሎ መሰከረባቸው። ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓቱ ሥር ቆመው፣ ሰዓት ከሰው ይጠይቁ ነበር።

ሲያኮርፉ አይጮሁም። አይሳደቡም። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ከዚያ "ይሁን" ይላሉ። አበቃ። ላኮረፈ ምሳው እራቱ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን አኩርፈውም ምሳቸውን አጥግበው ይበሉ ነበር። የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው እኛን ነው።

ሬዲዮ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሷ ጥናት ነበራት። እሷ እንደምትለው ጫማው የሚመስለው የሞዴሊስቱን የዚያን ሳምንት ልብ ነው። ያለፉ ምርቶችን በሙሉ በዚህ ታስረዳለች።

"ይሄን የዘበኛ ቡትስ አየኸው? የተቆረጠው ጋሼ ከወንድማቸው ጋር በተጣሉ ሰሞን ነው። በመጥረቢያ ብትመታው አይበሳም። ይሄ የሕፃን ጫማ ደግሞ የልጅ ልጅ የተወለደላቸው ጊዜ ነው፤ ከመለስለሱ ብዛት እግር ላይ አይቆምም፣ ሦስት ጊዜ አስተካክለነዋል። ይሄ ቡናማው…"

"ይሄስ?"

"ይሄን ሲሠሩ ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር። አፍንጫውን አታየውም?"

አየሁት። እውነትም አንድ ጉንጩ ያበጠ ይመስል ነበር።

እንግዲህ መደርደሪያው። ሞዴሊስቱ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ትይዩ፣ አራት ብሎን የያዘው አንድ ጣውላ አለ። አዲስ ናሙና ሲያልቅ እዚያ ላይ ይቆማል። አፍንጫው ወደ ሰው ከዞረ አልፏል ማለት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ አይቶ "ይመረት" ብሎ ይፈርማል። አፍንጫው ወደ ግድግዳ ከዞረ ችግር አለበት፣ መጥታችሁ ጠይቁኝ ማለት ነው። ምን ችግር እንዳለበት ማስታወሻ አይጽፉም። ትሄዳለህ፣ በርጩማቸው አጠገብ ትቆማለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ይነግሩሃል። ቢያኮርፉም ሥራው አይቋረጥም፤ ላኮረፉበት ሰው እንኳ ጫማ ያዞሩለታል። የሠላሳ አንድ ዓመት ደንብ ነው፤ የትም አልተጻፈም።

እኔ የመጣሁት ከጋዜጣ ነው። የአዲስ ምርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር ስለ ቆዳ የማውቀው የራሴን ነበር። የማውቀው ቀነ ገደብ ነው። ጋዜጣው ተዘግቶብኝ ዓመት ከምናምን ቤት ስለዋልኩ፣ ይህን ሥራ የያዝኩት በጥርሴ ነው። የመጀመሪያው ምርቴ ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነርሶች የሚሆን ጫማ ነበር፤ ሁለት ሺህ ጥንድ። ርክክቡን በዚህ ቀን ብዬ በጽሑፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲዘገይብኝ፣ የውስጡ ገበር በአንድ ወጥ ቁራጭ መሆኑ ቀርቶ ከሁለት ቁራጭ እንዲሰፋ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ይፈጥናል። ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙት ከኋላ፣ ልክ ተረከዙ መሃል፣ አጥንቱ ላይ ነው። ያኔ ይህ ለእኔ ዝርዝር ጉዳይ ነበር።

ናሙናው ሲደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶን ነበር። ስብሰባ ተጠራ። ከሆስፒታሉ ሁለት እንግዶች መጡ፣ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ጫማውን አድርጋ የሞከረችው ሬዲዮ አለች፣ ክቡር ደመና አሉ።

"እንዴት ነበር?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ምቹ ነው!" አለች ሬዲዮ። አሥራ ሁለት ዓመት መኪና ላይ ተቀምጣ የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ እንድትንሸራሸር ሲፈቀድላት ምን ትበል?

ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። "ነርስ አንድ ሰዓት ነው የምትቆመው?"

ጫማውን በጣታቸው አሳዩን።

"ቀኑን ሙሉ የምትቆም ሴት ታድርገው። ስምንት ሰዓት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ትራመድ፣ እሰማዋለሁ።"

ይህም ሌላው ሥርዓታቸው ነው። ናሙና ያደረገ ሰው በኮሪደሩ ሲመላለስ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ያዳምጣሉ። "ሰው ስለ እግሩ ይዋሻል" ይላሉ፤ "ድምፁ አይዋሽም።" በቀን አሥር ጊዜ ይሉታል።

እንግዶቹ ተያዩ። እኔ የቀሩኝን ቀናት ቆጠርኩ። ስምንት ሰዓት ማለት አንድ ቀን ነው፤ ተስተካክሎ ሲመለስ አራት ቀን ነው።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ጫማው የሚደረገው እግር ላይ ነው፤ ጆሮ ላይ አይደለም።"

ተሳቀ። እንግዶቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ እስኪያስለው ሳቀ። ሬዲዮ አልሳቀችም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለእኔ አይሠራም፤ እኔን በደንብ ታውቆኛል። ደስም ብሎኛል።

ክቡር ደመና መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉ። መልሰው አደረጉ።

"ይሁን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማው አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት።

ሦስት ቀን በአጠገቡ አለፍኩ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ሄጄ፣ በርጩማቸው አጠገብ ቆሜ፣ "ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ግን ከዚያ በፊት መባል ያለበት ሌላ ነገር ነበር፣ እሱንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "ሥራ በዝቶብኛል" አልኩ። በሁለተኛው "የሚፈልጉት እንድለምናቸው ነው" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስልክ አነሳሁ።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት፤ ሥራዋ እዚያው ሆስፒታል ነው። ከናሙናው ሁለተኛውን ጥንድ ለእሷ ሰጥቻት ነበር፤ አራተኛ ቀኗን ይዛለች።

"እትዬ፣ ጫማው እንዴት ነው?"

"የቱ ጫማ?"

"እንዴ! የእኔው ነዋ!"

"ውይ እሱማ! እግሬን አስረሳኝ።"

"ስምንት ሰዓት ቆመሽ?"

"አሥርም ቆሜ።"

"የትም አይቆረቁርሽም?"

"ኧረ በጭራሽ። ካልሲ በለው። እዚህ ያሉት ሁሉ ቀንተውብኛል። የወንድሜ ሥራ ነው እያልኩ ነው የምውለው።"

ስልኩን ዘጋሁ። አየህ፣ አልኩ ለራሴ፤ ስምንት ሰዓት የቆመች ነርስ ተገኘች። ጆሮ ሳይሆን እግር መሰከረ። ሁሉም ምሳ እስኪወጣ ጠብቄ ሞዴሊስቱ ክፍል ገባሁ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ ቆም አለ። "ኧረ! ደመናው ጠራ!" አለና ፈረመ። ከእሱ በኋላ ክቡርነታቸው ገቡ። በቢሮዬ መስታወት አያቸዋለሁ። መደርደሪያው ፊት ቆሙ። ጫማውን ረጅም ጊዜ አዩት። አልነኩትም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መስታወቱ ድምፅ ባያሳልፍም ምን እንዳሉ አውቃለሁ።

ሁለት ሺው ጥንድ በቀኑ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት ስሜን ጠራ። ተጨበጨበ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆሜ ተቀበልኩ፤ "የሁላችን ሥራ ነው" ያልኩም ይመስለኛል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጨዋ ደብዳቤ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን ከጫማው አዲስነት ጋር አያይዘውት እንደነበር ይገልጻል። በመቀጠልም በበርካታ ሠራተኞቻቸው ተረከዝ ላይ ቁስል መታየቱን፣ ቁስሉም ጊዜ ቢሰጠው አለመዳኑን ያትታል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር "በአሁኑ ሰዓት አብዛኞቹ ነርሶች ነጠላ ጫማ አድርገው በሥራ ላይ ስለሚገኙ አስቸኳይ ምላሽ እንጠብቃለን" ይላል።

ስብሰባ ተጠራ። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፤ እንግዶቹ ብቻ የሉም።

"ጋሼ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "ይሄ እንዴት አለፈዎት? አፍንጫው ወደ ፊት ነበር። እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ክቡር ደመና ሥራ አስኪያጁን አላዩም። እኔን አዩ። በቁጣ አይደለም። ደጅ ላይ ቆሞ የቀጠረውን ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ነው ያዩኝ። እኔ ብዕሬ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። የፋብሪካው ስም ነው። ደግሜ አነበብኩት።

"ይሁን" አሉ።

"እንግዲህ ዕድሜም አለ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። "አይከፋዎት። ከዛሬ ጀምሮ መደርደሪያው ይነሳ። ናሙና የሚያሳልፈው…" በጣቱ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ አራቱን ብሎን ፈታ። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ክቡርነታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆዳ ይቆርጡ ነበር። ሬዲዮ በበሩ አየችና ያለ ትንበያ ተመለሰች።

ጋዜጣ ላይ ሳለሁ ስህተት ከወጣ በማግስቱ ማረሚያ እናወጣ ነበር። ሁለተኛው ገጽ፣ ታች፣ በትንሽ ፊደል። እዚህ ማረሚያ የሚወጣበት ገጽ የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ የባሰ አደረግኩ፤ እህቴን ምስክር ላደርግ ሄድኩ። ነርሶቹ አጋነዋል፣ ይኸው አንዷ ምንም አልሆነችም የሚል ደብዳቤ ላስፈርማት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እህቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። የእኔ ጫማ ደጃፉ ላይ አለ፤ ኋላው ተረግጦ ተጣጥፏል፣ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል። ስታየኝ እግሯን በችኮላ አወጣችና ከጠረጴዛው ሥር ልትደብቅ ሞከረች። ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

"ምነው ሳትደውል?"

ተንበርክኬ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ልትነጥቀኝ ታገለች፣ ለቀቀች። ተረከዟ መሃል፣ ልክ አጥንቱ ላይ፣ ሁለቱም እግር። የስፌቱ መስመር ሳይቀር ተነቧል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ።"

"እትዬ! ሁለት ሺህ ሰው እኮ ነው!"

"እኔ ምን አውቄ? የእኔ እግር ብቻ መስሎኝ። ለካ ሁሉም ደብቆ ነው የሚያነክሰው። ደግሞ…"

"ደግሞ ምን?"

"ብነግርህ ታኮርፋለህ።"

"እኔ?"

"አይ፣ ጎረቤቱ!" እግሯን መልሳ ሳፋው ውስጥ ከተተች። "ስምንት ዓመትህ ነው፣ የሳልካት ላም ውሻ ትመስላለች ስላልኩህ ስንት ቀን ነው ያኮረፍከው? እማዬ ለምና ለምና ሲያቅታት ላሟን ግድግዳ ላይ ሰቀለችልህ። ስታገባ 'ሱፉ ትንሽ ሰፋህ' ያለህን አጎታችንን እስከዛሬ በአገጭህ ነው ሰላም የምትለው። ጋዜጣው ላይ የጻፍከውን ማን ነው ረዝሟል ብሎህ የሚያውቅ? ቤቱ ሁሉ ሲዋሽልህ ነው የኖረው፣ የኔ ጌታ። እኔን ብቻ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬቷ ግን ምንጣፍ ተነጥፎባት፣ ርሳ፣ ከጉልበቴ ሥር ነበረች። ፎጣ አመጣሁና ውኃውን አደረቅኩ።

ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት ይህን ነው። ክቡር ደመና አኩርፈውም እውነቱን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። እኔን ግን እንዳላኮርፍ ሰዎች እውነቱን ይደብቁኛል። ከሁለታችን ለፋብሪካ የሚጠቅመው አኩራፊ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ያስቸገረኝ፣ በቀልድ "ደመናው" እያልኩ ስጠራቸው ቤተሰቤ እኔን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ማሰብ ነበር።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁን ይዤ ሞዴሊስቱ ክፍል ገባሁ። ነጩ አራት ማዕዘን አጠገብ ቆምኩ። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

"ምን ሊያስተዋውቅ ነው ደግሞ ይሄ?" አለች ሬዲዮ።

"ጫማውን ያዞርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጋሼ ወደ ግድግዳ ነበር ያደረጉት። ምሳ ሰዓት ላይ ገብቼ አዞርኩት። ገበሩንም ከሁለት እንዲሰፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ትናንትም ስብሰባው ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ክቡር ደመና ቆዳ መቁረጣቸውን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"የግራውን ጫማ በቀኙ ቦታ አቁመኸዋል። ሁለቱንም ባሉበት ነው ያዞርካቸው፤ ቦታ አላቀያየርካቸውም።" ቢላዋቸውን በቆዳው ጠርዝ አዞሩ። "ጫማ ሠሪ እንደዚያ አያቆምም።"

ምርቱ እስኪያልቅ ሁለቱ ጫማዎች ጀርባ ለጀርባ እንደተጣሉ ባልና ሚስት መደርደሪያው ላይ ቆመው ነበር። ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ አይቷቸዋል። እኔም።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም፣ ጋሼ?"

"ትመጣለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ?"

"አኩርፌ ነበር እኮ" አሉ፤ ታምሜ ነበር እንደሚል ሰው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሲያስቀምጡት አይተናቸው አናውቅም። "የልጆቹ እግር ግን ምን አጠፋ? አንድ ቃል ብናገር ይቀር ነበር። የእኔንና የአንተን ቂም በሰው ተረከዝ ተወጣነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሁን" ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

"በጆሮዬ የሳቅከው ግን አስከፍቶኛል" አሉ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ።"

"ከዚህ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው አምጣልኝ።"

እህቴን አመጣሁ። ቁስሏ ሲደርቅ፣ በእረፍት ቀኗ፣ አዲሱን ናሙና አድርጋ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆመች፤ ገበር እየለየች፣ ከሬዲዮ ጋር እኔን እያማች። የላሟ ታሪክ ከምሳ በፊት ፋብሪካውን አዳረሰ። ሲመሽባት ኮሪደሩ ላይ ተራመደች። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምቹ ነው፣ ጋሼ" አለች፣ እኔን በጎን እያየች።

"ልጄ፣ ቀኙ ነው። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ታሳጥሪያለሽ።"

እህቴ ቆመች። አየችኝ። ፊቴ ሲጠቁር ለራሴ ታወቀኝ፤ አሥር ቀን የተለፋበት ናሙና ነው።

"ኧረ ደመና!" አለች ሬዲዮ። ክቡር ደመና ዓይናቸውን ገለጡ፤ እሳቸውን የጠራች መስሏቸው። እሷ የምታየው ግን እኔን ነበር።

"አዎ" አለች እህቴ። "ቀኙ ነው። ትንሽ ይቆረቁራል።"

ጫማው ሁለት ጊዜ እንደገና ተሠራ። ገበሩ ወደ አንድ ቁራጭ ተመለሰ፣ ስፌቱ ወደ ጎን ሄደ። ሁለት ሺው ጥንድ ተለወጠ። እኔ ከሥራ አልተባረርኩም፤ ለምን እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠይቄው አላውቅም። መደርደሪያው ቦታው ተመለሰ። ከአራቱ ብሎን አንዱ ስለጠፋ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ቅጽ የሚወደው ሥራ አስኪያጃችን ግን በጣውላ ብቻ አልታመነም። አንድ ወረቀት አዘጋጀ፤ "ተስማምቻለሁ"፣ "አልተስማማሁም"፣ ከሥሩ "ምክንያት" የሚል ሦስት መስመር። ክቡርነታቸው በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት አርባ አንድ ጊዜ "አልተስማማሁም" ላይ ምልክት አድርገዋል። ምክንያቱ በአርባ አንዱም ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፤ "ጠይቁኝ።" አርባ አንድ ጊዜ በርጩማቸው አጠገብ ቆሜ ጠይቄያለሁ። ሠላሳ ያህሉ ስለ ጫማው ነበር። የቀረው ስለ እኔ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ሽኝት አደረግንላቸው። ንግግር አደረግኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ማለትም ማንም ረዝሟል አላለኝም። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ስገባ ወንበሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት።

ሬዲዮ በሩ ላይ መጣች። "ምን አጠፋህ?"

"እኔ እንጃ።"

"ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ሂድና ጠይቃ!"

ወንበሩን አልነካሁትም። ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ፒጃማ ላይ ሽርጥ ለብሰዋል።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?"

"በንግግርህ ሠላሳ አራት ዓመት አልክ።"

"አዎ?"

"ሠላሳ አራት ከሰባት ወር ነው" አሉና ከበሩ ዞር ብለው አስገቡኝ።

በማግስቱ ማረሚያ ጻፍኩና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።